ግማሽ ጎኑ የሚሰምጥ ሪንግ

ጋሽ ካሳሁን የታቦር ሰፈር እድር ንብረት ያዥ ከሆኑ አሥራ ሦስት ዓመታቸው ነው። በእነዚህ ዓመታት አንድ አግዳሚ ወንበር አልጠፋባቸውም። ድሮ የእንጨት ሥራ መምህር ስለነበሩ ዘንበል ያለ ነገር ዓይናቸው አይችልም፤ ሰው ቤት ተጋብዘው እንኳ ጠረጴዛው ከተነቃነቀ፣ ወረቀት አጥፈው ከእግሩ ሥር ሳይሸጉጡ እህል አይወርድላቸውም።

አልቃና ያለቻቸው ልጃቸው ሊያ ብቻ ናት፤ እሳቸው እንደሚሉት ማለት ነው። ሊያ በአካውንቲንግ ተመርቃ ቦክስ ትጫወታለች። ከአንድ ወር ጭቅጭቅ በኋላ አባትና ልጅ ተዋዋሉ። እሑድ ሮሆቦት ከምትባል ቦክሰኛ ጋር የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ግጥሚያዋን ታደርጋለች። ከተሸነፈች ጓንቷን ሰቅላ፣ አባቷ ደጅ ጠንተው ያገኙላትን የባንክ ሥራ ሰኞ ትጀምራለች። ካሸነፈች ጋሽ ካሳሁን ስለ ቦክስ ዳግመኛ ላያነሱባት ቃል ገብተዋል።

ግጥሚያው የተዘጋጀው ባህል አዳራሽ በሚባለው ክፍለ ከተማ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ጣውላው፣ ሸራውና ገመዱ ከአዲስ አበባ በሰዓቱ ደረሱ፤ ሪንጉ የሚቆምበትን ብረት የጫነው መኪና ግን መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ። አዘጋጁ ዳንኤል ሲጨንቀው ጋሽ ካሳሁን ዘንድ መጣ። እሳቸውም ቅዳሜ ከሰዓት አሥራ ስድስት የእድር አግዳሚዎች አሰልፈው፣ ጣውላውን ከላይ ደርድረው ሪንጉን አቆሙለት።

እሑድ ጠዋት የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። የእትዬ ብዙአየሁ ባለቤት አርፈዋል። ለቅሶ ሲኖር የእድር ዕቃ ካለበት ይመለሳል፤ ደንቡን ያረቀቁትም ራሳቸው ጋሽ ካሳሁን ናቸው። ስለዚህ ከቦክሰኞቹ ሁለት ማዕዘኖች፣ ከቀዩና ከሰማያዊው፣ በሰማያዊው በኩል ያሉትን ለድንኳኑ የሚበቁ ስምንት አግዳሚዎች አስወጥተው ለለቅሶ ቤቱ ላኩ፤ ቦታውን በለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ሳጥን ሞሉት። በውሃ ልክ ለኩት፤ አንድ ጣት እንኳ አልተዛነፈም።

ከቀብር መልስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ግቢው ሲመጡ ግን አንድ ነገር ይከነክናቸው ጀመር። ውሃ ልኩ የለካው ማንም ያልቆመበትን ወለል ነው። ሰው ሲዘልበትስ?

ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ወጡበት። በቀዩ ማዕዘን በኩል ዘለሉ፤ ጣውላው ደረቅ ድምፅ ሰጠ። በሰማያዊው በኩል ሲዘሉ ግን ወለሉ እጥፍ ብሎ ተቀበላቸውና ጉልበታቸውን ያዝ አደረጋቸው። ጥግ ላይ የወደቀ የቅርጫት ኳስ አነሱና ከደረታቸው ለቀቁት። በቀዩ በኩል ወገባቸው ድረስ ነጠረ፣ በሰማያዊው በኩል ከጉልበታቸው አላለፈም። ደገሙት፤ ሠለሱት። የስልሳ አራት ዓመቱ ሰው ነገሩ እየጣማቸው ሄደ፤ የግቢው ጥበቃ ግን ሽማግሌውን ምን ነካቸው እያለ ያያቸዋል።

ደስታቸው የቆየው ሊያ ትዝ እስክትላቸው ነው። የሊያ ብልጫ በእግሯ ፍጥነት ነው፤ ገባ ብላ መታ አድርጋ ትወጣለች። ሮሆቦት እንደ ምሰሶ ቆማ የምትጠብቅ ናት። እግር የሚይዝ ወለል ለቆመ ሰው ምኑም አይደለም። ከዚህ በላይ፣ የሊያ ማዕዘን ሰማያዊው ነው።

ዝም ቢሉ ልጃቸው ነገ ባንክ ትገባለች። ሳጥኑን ያስገባው ሞት ነው፤ ሞትን ደግሞ ማን ይከሳል? ጋሽ ካሳሁን ገመዱን ይዘው ጥቂት ቆሙ። እውነቱን ለመናገር ጥቂት አልነበረም።

በመጨረሻ ዳንኤልን ጠርተው አሳዩት።

«ሁለቱም እዚሁ ላይ አይደል የሚዘዋወሩት ጋሼ? ለሁለቱም እኩል ነው» አላቸው።

«እኩልማ እኩል ነው። ዳክዬና ዶሮ ሐይቅ ውስጥ ከትተህ እኩል ናችሁ በላቸው።»

ይህን ሲሉ ሊያ ሰውነቷን ለማሟሟቅ ሪንጉ ላይ ወጣች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች።

«ይሄን ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ካሳሁን።

ሸራውን አየች፤ ከዚያ አባቷን።

«አውቀህ ነው አባዬ?»

አላውቅም ነበር ለማለት አፋቸውን ከፈቱ፤ ገመዱን ይዘው የቆሙት ትዝ አላቸውና መልሰው ዘጉት። ጫማቸውን እያጠለቁ ወጥተው በባጃጅ ወደ ታቦር በረሩ።

ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛው በስምንቱ አግዳሚዎች ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ካሳሁን እትዬ ብዙአየሁ ፊት በርከክ ብለው የመጡበትን ተናገሩ። በዕድሜያቸው እንደዚያ አፍረው አያውቁም። የእድሩ ሊቀመንበር ከጀርባ፣ «ደንቡስ?» አሉ።

«ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቅጣቱንም እኔው እቀጣለሁ።»

እትዬ ብዙአየሁ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። «ወለሉ ቢሰምጥ ልጅቷን ምን ያደርጋታል?»

«እግሯን ይይዘዋል። ያላትን ሳታሳይ ትሸነፋለች።»

«ለቅሶ ሰሌን ላይም ይለቀሳል» አሉ ሴትዮዋ። «ተነሡላቸው።»

ከለቀስተኞቹ አንዱ አይሱዙ ነበረው። አግዳሚዎቹ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ደረሱ፤ ሳጥኑ ወጣ፤ ኳሱም በሁለቱም ወገን ወገብ ድረስ ነጠረ። ግጥሚያው ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ተጀመረ።

ሊያ የመጀመሪያዎቹን አራት ዙሮች እንደ ልቧ ተንቀሳቀሰች። ጋሽ ካሳሁን መቼ ከመቀመጫቸው እንደተነሡ አያውቁም፤ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ጮኸዋል። በአምስተኛው ሮሆቦት የጠበቀችውን ክፍተት አግኝታ ጣለቻት፤ በመጨረሻው በስድስተኛውም ደገመችው። ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ለሮሆቦት ሰጡ።

ሰኞ ጠዋት ሊያ ያበጠ ዓይኗን በፓውደር ሸፍና፣ ጥቁር ቀሚስና የባንክ ጫማ አድርጋ ቁርስ ላይ ተቀመጠች።

«ወለሉ ደህና ነበር አባዬ» አለች። «በደንብ ነው የተሸነፍኩት።»

ጋሽ ካሳሁን ሻያቸውን አልነኩም። «ትናንት አውቀህ ነው ስትዪኝ አልመለስኩልሽም። ሳጥኑን ስከት አላወቅሁም። ካወቅሁ በኋላ ግን ዝም ብዬ ቆሜያለሁ።»

«ብዙ ቆምክ?»

«ብዙ። የምፈልገው እንድትሸነፊ ነበራ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ማታ ደግሞ ውላችንን ሳስበው አደርኩ። አንቺ ብትሸነፊ የለፋሽበትን ሁሉ ታጫለሽ። እኔ ብሸነፍ ምን አጣ ነበር? ጭቅጭቄን። የውሉንም ወለል ያነጠፍኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ወገኑ ይሰምጣል።»

«ተስማምቼበት እኮ ነው።»

«ሪንጉም ላይ ሁለታችሁም ወዳችሁ ነው የምትወጡት፤ ያ ግን ወለሉን እኩል አያደርገውም።»

 ሊያ ጎንበስ ብላ የባንኩን ጫማ አወለቀችና ከወንበሩ ሥር አስቀመጠችው።