የሻሚሰኑ ቆዳ

ሊና ጥቁሩን ሳጥን በሁለት እጇ አቅፋ ገርጂ፣ ጋሽ ጉዲሳ በገና ከሚሠሩበት ቆርቆሮ ቤት ስትደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ዝግጅቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦሌ ነው። በአስተርጓሚነት ከተቀጠረች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። ጠዋት የጃፓናዊቷን ሙዚቀኛ እንግዳ ሻሚሰን፣ ባለክሩን የጃፓን የሙዚቃ መሣሪያ፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ረስታው፣ ፊቱ ላይ የተወጠረው ቆዳ ከዳር እስከ ዳር ተቀዷል። እንግዳዋ እስካሁን አላወቀችም።

“ጋሽ ጉዲሳ፣ በእመቤታችን ይድረሱልኝ!”

የሆነውን ስትነግራቸው ሽማግሌው ሳጥኑን ከፈቱት። “ሦስት ክር ብቻ? የኛ ክራር እንኳ ስድስት አለው። ይሄማ ጾመኛ ነው።”

ስልኳ ላይ ፎቶ አሳየቻቸው። “አብረውት የሚቀርቡ አሉ። ይሄ ረጅሙ ኮቶ ነው፤ አሥራ ሦስት ክር አለው፣ አጋድመው ነው የሚጫወቱት። ይሄ ሆዳሙ ደግሞ ቢዋ።”

“የሆዳሙ ፊት እንጨት ነው፤ ፀሐይ አይቀደውም። እንግዳሽ በሱ ለምን አትጫወትም?”

“አልተማረችውም። ዝግጅቱ ሦስቱን ማነጻጸር ነው፤ ሌሎቹን የሚጫወቱት ሌሎች ናቸው።”

“ገባኝ። በገና ደርዳሪን ክራር ምታ እንደ ማለት ነው።”

ሳጥኑ ውስጥ አንድ መለዋወጫ ቆዳ ነበር። ጋሽ ጉዲሳ ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። “የደረቀ ነው፤ ጥሩ። ከሰል አጠገብ ከሆነ ማጣበቂያው በሰዓቱ ይደርቅልናል።”

ሊና ዱካ ላይ ተቀመጠች።

“ውፍረቱን በጥርሴ ካልለካሁት አይነግረኝም” አሉና ጠርዙን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

ሊና የምን ቆዳ እንደሆነ ታውቃለች። ዝም ብትል ሥራው ያልቃል። ሁዳዴ ነው፤ ሰውየው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ግድግዳው ላይ ለቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ አራት በገናዎች ተሰቅለዋል።

“ይቆዩ! የውሻ ነው።”

ጋሽ ጉዲሳ ቆዳውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩት። እጃቸውን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠቡ።

“ባትነግሪኝ አላውቅም ነበር።”

“አውቃለሁ።”

“ይሄን አልነካውም፣ ልጄ። የፍየል ልወጥርልሽ እችላለሁ። ግን ያለኝ ውሃ ውስጥ የነከርኩት ነው፤ ደርቆ ከነገ በፊት ድምፅ አይሰጥም።”

“ነገ ምን ያደርግልኛል!” ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ስልኳ ጮኸ። ሾፌሩ ቢሩክ ነው። “አንቺ፣ የት ጠፋሽ? ሴትዮዋ መሣሪያዬ እያለች ነው። ምን ልበላት?”

“ምንም አትበላት። ስልኩን ስጣት።”

በጃፓንኛ ይቅርታ በብዙ ዓይነት ይባላል። ሊና የትኛው ለዚህ እንደሚበቃ ገና ሳትለይ፣ ሴትዮዋ ከወዲያ “ሊና?” አለቻት።