የጆሮ ጠቢው ፈተና

በያጁን ጓደኞቹ «ጆሮ ጠቢ» ይሉታል። ወሬ አመላላሽ ሆኖ አይደለም፤ ሲበይድ አንገቱን ሰበር አድርጎ ብረቱን ስለሚያዳምጥ ነው። ደህና ብየዳ የጋለ ዘይት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት እኩል ይንጫጫል፤ ሲበላሽ ይንተፋተፋል። እነሱ ጥበብ መሰላቸው። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ አሠሪው በሚሰጠው ርካሽ መነጽር ስንት ዓመት ሲሠራ ዓይኑ ጭጋግ ለብሷል። የሚሠራው በሰው አገር ነው፤ ቪዛው በአሠሪው ስም ስለሆነ፣ የታመመ ሠራተኛ በማግስቱ ወደ አገሩ ይሸኛል። ጥሎ ቢሄድ ደግሞ የሚስቱና የልጁ ጉሮሮ ይዘጋል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ለሚስቱም አልነገራትም።

ታዲያ የቪዛው ሕግ ተሻሻለ ተባለ። አንዴ ብቻ የሚሰጠውን የሙያ ፈተና ያለፈ፣ ቪዛውን በራሱ ስም ያገኛል፤ ቤተሰቡንም ያስመጣል። ደግ ሕግ ነው፤ ማን ይጠላዋል? ልጁን ጥሏት ሲወጣ ገና ዳዴ ትል ነበር። አሁን ተማሪ ናት፤ ሻንጣዋን ከወዲሁ አዘጋጅታለች። እሱም ዓይኑ ጨርሶ ሳይጠፋ ፊቷን ማየት ነበር ምኞቱ።

«አንተማ ዓይንህን ጨፍነህም ታልፋለህ!» አሉት ጓደኞቹ። አብሯቸው ሳቀ፤ ልቡ ግን አልሳቀም።

ፈታኙ ትሑት ሰው ነበር። የሚበየዱትን ሁለት ብረቶች አስቀመጠለትና ወፍራም የጆሮ መሸፈኛ ዘረጋለት።

«ያለሱ ብሠራስ፣ ወንድሜ?»

«አይሆንም። አዲሱ ሕግ ግድ ይላል። የሠራተኛውን ጤና ካልጠበቅንማ ሕጉን ማሻሻሉ ምን ረባ?»

አጠለቀው። ዓለም ጸጥ አለች። እሳቱን ሲለኩስ ያየው ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው፤ የሽንኩርቱ ድምፅ የለም። እጁ በልማድ ሄደ። ሲጨርስ ፈታኙ ብረቱን አገላብጦ አየው። ብየዳው መጋጠሚያውን ስቶ በጎን ሄዷል።

«ምን ነካህ?» አለው ከልቡ አዝኖ። «ወድቀሃል። እንግዲህ ከድሮው አሠሪህ ጋር መቀጠል ነው።»

ገና ከደጃፉ ሳይርቅ ስልኩ ጠራ። ልጁ ናት፣ በቪዲዮ።

«አባዬ! አለፍክ?»

እውነቱን መናገር አቃተው። ስልኩን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ወሬ ለማስቀየር፣ «ፀጉርሽ እንዴት ረዝሟል፣ የኔ ዓለም!» አላት።

ልጅቷ ፀጉሯን ዳበሰች።

«አባዬ... ትናንት ተቆረጥኩ እኮ።»

ሚስቱ ስልኩን ከልጅቷ ተቀበለች። «እስቲ ይሄ ስንት ጣት ነው?» አለችው።

ስልኩን ከዓይኑ አንስቶ ጆሮው ላይ አደረገው። ሚስቱን ስታለቅስ ሰማት።