በቪቶልድ ጫማ ውስጥ የተገኘው ጓንት

«እሰይ! ይሄ ልማድ ገና አልጠፋማ!» አሉ ወይዘሮ ቪየስዋቫ፣ ከበራቸው ውጭ የተደረደሩትን ሦስት ጥንድ ቦት ጫማዎች እያዩ።

«ረጥበውብን ነው» አልኩ።

«አዎ፣ አዎ። የኔም ልጆች ረጥቦ ነው እያሉ ነበር የሚያስቀምጡት።»

«እውነቴን ነው፤ በረዶው ገብቶባቸው...»

«ምን ያሳፍርሻል ልጄ? ቅዱስ ኒኮላስ እንደሆነ ዕድሜ አይጠይቅም።»

የቅዱስ ኒኮላስ ዋዜማ መሆኑን ጨርሶ ረስቼው ነበር። በዚያች ሌሊት ቅዱሱ በየደጁ በተቀመጠ ጫማ ውስጥ ስጦታ ከትቶ ያልፋል፤ ልጆች ለዚያ ብለው ጫማቸውን ይወለውላሉ። እኛ ግን በጠዋቱ ባቡር ከምንማርበት ከተማ ከፖዝናን መጥተን፣ ቀኑን ሙሉ በቀለጠ በረዶ ክራኮቭን ስንዞር ውለን፣ ጫማችን ስለበሰበሰ ነበር ውጭ የተውነው። ክፍል ያከራዩን አሮጊት ይህን ማመን አልፈለጉም። ለእያንዳንዳችን የቤት ነጠላ ጫማ ሰጡንና እየሳቁ ወደ ኩሽና ገቡ።

እኔም ማስተባበሌን ተውኩ። ሳያውቁት ዘዴ አቀብለውኛል።

ቦርሳዬ ውስጥ፣ ካልሲዎቼ መካከል፣ አብሮን ለሚማረውና አብሮን ለተጓዘው ለቪቶልድ የሠራሁት የሹራብ ጓንት ነበር። የጀመርኩት መስከረም ላይ ነው። የእጁን ልክ ለማወቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፊት ለፊቱ እየተቀመጥኩ በዓይኔ ከመዝገበ ቃላቱ ስፋት ጋር አስተያየሁት፤ የግራው አውራ ጣት የረዘመው ለዚህ ነው። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቪቶልድ ለግማሽ ዓመት ሊዝበን እንዲማር ተመረጠ። ሊዝበን ብዙ የማይበርድበት፣ ሰው ጓንት የማያስፈልገው ከተማ ነው። ቢሆንም ጨረስኩት። ከጓንቱ ጋር የምነግረው ነገርም ነበረኝ። ከዚህ ጉዞ በኋላ ፈተና ነው፤ ከፈተና በኋላ ገና ነው፤ ከገና በኋላ እሱ የለም።

ቀን ላይ በትልቁ አደባባይ ልነግረው ሞክሬ ነበር። «ቪቶልድ፣ አንድ ነገር...» ከማለቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ማማ ላይ በየሰዓቱ የሚነፋው መለከት ተነፋ። እንደ ወትሮው ዜማው ሳያልቅ ቀጥ አለ።

«ምን ልትዪ ነበር ዶብራቫ?» አለኝ።

«ምንም።»

የጥንቱ መለከት ነፊ ዜማውን ያቋረጠው ጉሮሮውን ቀስት ወግቶት ነው ይባላል። እኔን የወጋኝ ነገር አልነበረም።

ክሌመንቲና፣ ሦስተኛዋ ተጓዥና የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ፣ ሁሉንም ታውቃለች። «አንቺ ልጅ» አለችኝ ማታ ስንተኛ፣ «ወይ ስጪው፣ ወይ እኔ ላጥልቀው። እጄ በረዶ ሆኗል።»

ሊነጋጋ ሲል ተነሣሁ። ነጠላ ጫማው የእግሬን ሁለት እጥፍ ያህል ነበርና እየጎተትኩ በሩን ከፈትኩ፤ ጓንቱን በቪቶልድ የቀኝ ጫማ ውስጥ ከትቼ ተመለስኩ። የቀረው ቀላል መሰለኝ። ጓንቱን ያገኛል፤ ማን ሰጠኝ ብሎ ይጠይቃል፤ እኔ ነኝ እላለሁ። ጀብዱ የሠራ ሰው እንደሚተኛው ተኛሁ።

የቀሰቀሰኝ የቪቶልድ ጩኸት ነው። «ኑ እዩ! ቅዱሱ መጥቶ ሄዷል!»

ከኔ በኋላ ሌላ ሰው ደጁ ላይ ደርሶ ነበር። በየጫማችን ውስጥ አንድ አንድ ብርቱካንና በወረቀት የተጠቀለለ የማር ኬክ ተቀምጧል። በክሌመንቲና ጫማ ውስጥ ደግሞ ለባለጌ ልጅ የሚቀመጠው ደረቅ ጭራሮ ተጨምሯል።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ክሌመንቲና ጭራሮውን ይዛ።

«እንጃ» አሉ ወይዘሮ ቪየስዋቫ ከኩሽና። «ቅዱሱ በመስኮት ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደስ አይለው ይሆናል።»

ቪቶልድ ጓንቱን አጠለቀ። ጣቶቹን ዘረጋ፣ ጨበጠ። ዓይኔን ነጠላ ጫማዬ ላይ ተክዬ ጥያቄውን ጠበቅሁ። አልጠየቀም። በካልሲው እየሮጠ ኩሽና ገባና እንደ ድሮ ጌቶች ጎንበስ ብሎ የአሮጊቷን እጅ ሳመ።

«እማማ ቪየስዋቫ! ይሄን ሁሉ ለኔ? መቼ ሠርተው ጨረሱት?»

ወይዘሮ ቪየስዋቫ ጓንቱን አዩ። ቁርጥማት ያጣመማቸውን የራሳቸውን ጣቶች አዩ። ከዚያ በሱ ራስ ላይ አሻግረው እኔን አዩኝ፤ ፊቴ ሁሉን የነገራቸው ይመስለኛል። ግን በልማዱ በዚያ ቀን የሰጠም እኔ ነኝ አይልም፤ ያወቀም እሷ ናት አይልም።

«ቅዱስ ኒኮላስን አመስግን እንጂ እኔንማ ምን አድርጌ ብለህ» አሉት።

«እሺ፣ እሺ፣ ገብቶኛል!» አለና ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። «እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?»

«የትም» አልኩ። ክሌመንቲና በጭራሮው ጀርባዬን ወጋችኝ።

«አውራ ጣቱ ትንሽ ረዝሟል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዓይናቸው ደክሞ ነው። አያሳዝኑም?»

በማግስቱ ስንመለስ የባቡሩ ማሞቂያ ሰው ያቃጥል ነበር፤ ቪቶልድ ግን ጓንቱን አላወለቀም። ለአሮጊቷ ምስጋና የሚላክ ካርድ ገዝቶ ነበር። የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ጻፊልኝ አለኝ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ።

«ክብርት ወይዘሮ ቪየስዋቫ፤ ስለ ብርቱካኑና ስለ ማር ኬኩ ከልብ እናመሰግናለን። ጻፍሽ? ከሁሉ በላይ ግን ስለ ጓንቱ። ማንም ሰው እስከ ዛሬ ለኔ ብሎ...»

ክሌመንቲና የተኛች መስላ አንድ ዓይኗን ገለጠች። እኔ «እናመሰግናለን» የሚለው ላይ ብዕሬን አቆምኩ።

«ምነው ቆምሽ?»

«እሳቸው አልሠሩትም።»

«ታዲያ ማን?»

ሁለት ቀን የጠበቅሁት ጥያቄ ነበር።  ብዕሩን አስቀምጬ የግራ እጁን ያዝኩና ትርፍ የሆነውን የአውራ ጣቱን ጫፍ ቆንጠጥ አደረግሁት።

«ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እጅህን ስለካ መዝገበ ቃላቱ ላይ ነበር ያሳረፍከው» አልኩት። «አውራ ጣትህ በደንብ አይታየኝም ነበር።»

ካርዱን ከፖዝናን ጣቢያ ላክነው። ሦስታችንም ፈርመንበታል፤ ያመሰገንነውም ስለ ብርቱካኑና ስለ ማር ኬኩ ብቻ ነው።