የአባቴ ማርሽ

አባቴን የአውቶቡስ ጣቢያው ሰው ሁሉ «ጠብታ» ይለው ነበር። ለእኛ እጁ የማይሰስተው ሰውዬ ለናፍጣ ሲሆን የለየለት ቋጣሪ ነበር። ሌላው ሾፌር ሞተሩን እያስጓራ ዳገት ሲወጣ፣ እሱ ቀደም ብሎ ማርሹን ያስገባና ቀስ አድርጎ ያስጎትተዋል። «የሚጮኸው እኮ ናፍጣው ነው!» እያለ ጀማሪዎቹን ይቆጣል።

በኋላ ማርሻቸውን ራሳቸው የሚቀይሩ አውቶቡሶች መጡ። ድርጅቱ ማርሽ የሚቀያይረውን የካምቢዮ ኮምፒውተር ለማስተካከል የአባቴን አነዳድ በመሣሪያ ቀዳ፤ አውቶቡሶቹም እንደ እሱ መቀየር ጀመሩ። አባቴ ጡረታ ወጣ፤ አንድ ጠዋት እናቴ ገበያ ሄዳ ሳለ ልቡ ቆመ። አልደረሰችበትም።

ከዚያ ወዲህ እናቴ አባቴ ይሠራበት በነበረው መስመር የሚሄደውን አንድ አውቶቡስ እየመረጠች ከሾፌሩ ጀርባ መቀመጥ ጀመረች። በእጮኝነታቸው ጊዜ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ነው። «የት ልትሄጂ ነው?» ስላት «የትም» ትለኛለች። ጃጀች ብዬ ሰጋሁ። አንድ ቀን አብሬያት ተሳፈርኩ። ከፋርማሲው መታጠፊያ በፊት ትከሻዋን ወደ መቀመጫው ደገፍ አደረገች፤ ወዲያው ማርሹ ተቀየረ። ከዳገቱ ሥርም እንደዚያው። ገባኝ፤ ማርሹ የሚቀየረው ልክ አባዬ ይቀይርበት በነበረው ቦታ ነው።

ጉዱ ያለው እኔ ላይ ነው። ጋራዡ ውስጥ የካምቢዮውን ፕሮግራም የምሠራው እኔ ነኝ። አዲሱ ፕሮግራም ጭነቱንና ዳገቱን እያየ ማርሽ ይመርጣል፤ ናፍጣ በደንብ ይቆጥባል። ሁሉም አውቶቡሶች ላይ ጫንኩት፤ የእናቴ ብቻ ቀረ። አለቃዬን ዛሬ ገመድ ጠፋ፣ ነገ ባትሪ ደከመ እያልኩ አሰለቸሁት። በመጨረሻ ለእናቴ ነገርኳት።

«እማዬ፣ አዲሱን ከጫንኩ የአባዬ አቀያየር ይጠፋል። ከፈለግሽ ይቺን አንዷን እንዲተዉልኝ እለምናለሁ።»

«ከእሱ የበለጠ ይቆጥባል?»

«ይቆጥባል።»

«ታዲያ ጠብታን በስተርጅና አባካኝ ልታሰኚው ነው?» ብላ ሳቀች። ዓይኗን ግን እንባ ሞልቶት ነበር። ሻርፗን አነሳች። «ነይ፣ አንዴ እንሂድና ከዚያ ሥሪው።»

ኮምፒውተሬን ታቅፌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መንገዱን ሙሉ ትከሻዋ ከማርሹ እየቀደመ ደገፍ ይላል። መጨረሻው ጣቢያ ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ።

«እማማ፣ ደርሰናል» አላት ሾፌሩ።

ብድግ ብላ የካምቢዮውን እጀታ በመዳፏ ነካ ነካ አደረገችው።

«በል እንግዲህ፣ ደህና ሁን» አለችው። ገበያ የሄደችበት ጠዋት ለአባዬ ሳትለው የቀረችውን ነው።

ከአውቶቡሱ እስክትወርድ ጠበቅኩና የኮምፒውተሬን ገመድ ሰካሁ።