ሰም ይነሳ

«ፖሊሽ» ይሏታል። እናቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ግን እሱን የሚያስታውሰው ባሏ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚጠራው ሲናደድ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የደበዘዘ መኪና ስትወለውልና የተጫጫረ ኮፈን ስታለሰልስ የኖረች ሴት ሌላ ምን ትባል? ጋራዡ የእሷና የባሏ ነው። በስተቀኝ ባሏ ቀለም ይረጫል፣ በስተግራ እሷ ትወለውላለች። ጭቅጭቃቸውም እዚያው መሀል ላይ ነው። ባል «ቀለም አንዴ ከሞተ ሞተ፤ ልጦ ሌላ መቀባት ነው» ይላል። ሚስት ደግሞ «ማን ሞተ አለህ? ፊቱን ያጠበው ስለጠፋ ነው» ትላለች። እንዲህ እየተናቆሩ ሦስት ልጅ አሳድገዋል። አንዱም ሌላውን አላሳመነም፣ ቤቱም ደህና ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሙናና ስፖንጅ ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ፣ በእሷ በኩል አንዲት ክሬም መኪና ቆማ አገኘች። ክሬም አልኩ እንጂ ክሬምነቷ የድሮ ወሬ ነው። ጣሪያዋ በፀሐይ ነጥቷል፣ ጎኗ ተጫጭሯል፣ የግራው የኋላ በር ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ቢጫ ነገር ለብሶ፣ የሚያውቀው ሰው ካልሆነ በቀር የሚያነበው አልነበረም። ፖሊሽ ግን ታውቀዋለች። ዕቃዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«የመምህሩ መኪና!» አለች።

የመንጃ መምህሩ የሰፈሩን ግማሽ ሰው በዚህች መኪና መንዳት አስተምረዋል። ፖሊሽም የተማረችው በእሷ ነው። እንዴት ተማረች? አትጠይቁ! ወረቀት በነፋስ ሲሮጥ ባየች ቁጥር ፍሬን ትይዝ ስለነበር መምህሩ «ፍሬኗ» ብለው ሰይመዋታል። በቀኝ በኩል ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋው ረጅም ጭረትም የእሷው ሥራ ነው፤ ፍሬን ያልያዘችበት አንድ ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር፣ የበር ምሰሶ አገኛት። መምህሩ ያኔ ወርደው ጭረቱን አዩና «በይ ወደኋላ መሄድንም ዛሬውኑ እንማር» ብለው ተመልሰው ገቡ። አንድ ቃል አልተቆጧትም። ይኸው እስከ ዛሬ ስታስታውሰው አንጀቷን ይበላታል።

«የሰፈሩ መካኒክ ነው ነድቶ ያመጣት» አላት ባሏ። «ጋሼም አብረው መጥተው ነበር፤ ጠበቁሽ፣ ጠበቁሽና ሄዱ። ዓይናቸው ጭራሽ ደክሟል። ማስተማሩን ለልጃቸው ሰጥተዋል፤ የማስተማሪያ ፈቃዷን አውጥታ ጨርሳለች። ከነገ ወዲያ አራት ሰዓት ላይ እዚሁ ቀጥረዋታል፤ እሷ ለምን እንደሆነ አታውቅም። ቁልፉን እዚህ ሊሰጧት ነው። የሚሠራውን ጽፈው ዳሽቦርዱ ላይ ትተውልሻል።»

ፖሊሽ ወረቀቱን አነሳች። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዓይን የደከመ ሰው ጽሑፍ እንደሆነ ያስታውቃል። እንዲህ ይላል፦ «ጭረቱ ይጥፋ። ጣሪያውና ኮፈኑ ያብረቅርቅ። በግራ በኩል የኋላው በር ላይ ያለው ሰም ይነሳ። አደራ፣ ሦስተኛውን እንዳትረሺ።»

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። መምህሩ ሊጽፉ የፈለጉት «ስም ይነሳ» ብለው ነው። ስሜን ከበሩ ላይ አጥፊልኝ ማለታቸው ነው። ግን «ስ»ን «ስ» የምታሰኘው ትንሽ ሰበር ያለች እግር ናት፤ ያቺን ሰበር ደግሞ የደከመው ዓይናቸው ዘለላት። ሌላ ማንም ሰው ቢያነበው «ስም ማለታቸው ነው» ብሎ በልቡ አቃንቶ ያልፈው ነበር። ፀጉር አስተካካይ ቢያነበው፣ ነርስ ብታነበው አይሳሳቱም። ጠዋት ሰም፣ ማታ ሰም፣ እንጀራዋ ሰም የሆነች ሴት ግን ሰም የሚል ስታይ ሌላ ምን ታስብ? ይባስ ብሎ በሩ ላይ እውነትም ሰም ነበረበት! መምህሩ በየሳምንቱ ስማቸው ላይ፣ እንዳይደበዝዝ ብለው፣ በገዛ እጃቸው ሰም ሲቀቡበት ኖረው፣ ንብርብሩ ቢጫ ሆኖ ፊደሉን ውጦታል።

«አየህ ሙያ የሚያውቅ ሰው!» አለች ለባሏ ወረቀቱን እያራገበች። «አሮጌው ሰም ሳይነሳ አዲሱ እንደማይዝ ገብቷቸዋል። አንተ ሃያ ዓመት አጠገቤ ኖረህ አልገባህም።»

«እኔ የገባኝ» አለ ባሏ «ያቺ መኪና ቀለም እንደሚያስፈልጋት ነው።»

«ሂድ ወደ ሥራህ!»

ሥራ ጀመረች። መጀመሪያ አጠበቻት። ከዚያ እንደ ሊጥ በምትለጠጠው የማጽጃ ጭቃ አሸቻት፤ ጭቃው የሰበሰበውን ጥቁር ነገር ስታይ «እሰይ!» አለች፤ እሷ እድፍ ሲወጣ ደስ የሚላት ሴት ናት። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ማሸጊያ ፕላስተር ለጠፈች፤ የድሮ ቀለም ጠርዝ ላይ ስስ ነው፣ ማሽን ካረፈበት አንድ ጊዜ ብረቱ ብቅ ይላል። ማሽኑን ቀስ ብሎ እንዲዞር አድርጋ ከጣሪያው ተነሳች። ትንሽ ትወለውልና ታቆማለች፣ መዳፏን ታሳርፋለች፤ ከሞቀ ትተወዋለች፣ እስኪበርድ ሌላው ጋ ትሄዳለች። ስፖንጁ ክሬም ሆነ። እንዲህ ያለው የድሮ ቀለም ሲታሽ ከላይ የሞተውን ይለቅና ከሥሩ ያለውን ያወጣል። ኮፈኑ ላይ የጋራዡ ጣሪያ ቆርቆሮ ቁልጭ ብሎ ሲታይ ባሏን ጠራችው። ባሏ መጣ፣ አየ፣ አፍንጫውን አሻሸና ምንም ሳይል ሄደ። እሱ ዝም ካለ አሸንፋዋለች ማለት ነው።

ጭረቱን በውሃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው። የራሷ ኃጢአት አይደል፣ «ይቅር በይኝ» እያለች ነው ያጠፋችው። ትንሽ ትንሽ ይታይ የነበረውም በፖሊሹ ሄደ።

በሁለተኛው ቀን በሩ ብቻ ቀራት። እዚህ ላይ ማሽን አይታሰብም፤ ጽሑፉ በብሩሽ የተጻፈ ስለሆነ ማሽን ይበላዋል። ጥጥ ጨርቅ በሌባ ጣቷ ላይ ጠቅልላ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ ሰሙን ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው እያነሳች ሄደች። ወገቧ አለቀ። ግን ከቢጫው ሥር ሰማያዊ ወጣ፤ እንዴት ያለ ሰማያዊ! ከሰማያዊው ዳር ዳር ደግሞ ማንም የማያስታውሰው ቀጭን ነጭ መስመር ብቅ አለ። የመምህሩ ስም ከነአባታቸው ስም እንደ አዲስ ተነበበ። እሷም አዲሱን ሰም በስሱ ቀብታ፣ አድርቃ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወለወለችው። ባሏ ከኋላዋ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«ይሄ እጅ ያለው ሰው ነው የጻፈው» አለ። «እኔ ብሆን ልጬ ጥዬው ነበር።»

እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ያን ቀን ቤት እስክትገባ ድረስ ጥርሷ አልከደን አላት።

በሦስተኛው ቀን መምህሩ ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድመው በትራቸውን እየመቱ መጡ። ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው በቀኝ በኩል እስከ ኋላ ድረስ ሄዱ። «ብርጭቆ!» አሉ። «ያንቺስ ጭረት?»

«የለም ጋሼ። አጥፍቼዋለሁ።»

«ጎበዝ ፍሬኗ! ስሜስ? ምልክት አልቀረም አይደል?»

«የቱ ስም?»

«በሩ ላይ ያለው ነዋ! ስም ይነሳ ብዬ ጽፌልሽ የለም?»

ፖሊሽ ክው አለች። «ሰም!» አለች። «ሰም ይነሳ ነው ያሉት፣ ጋሼ!»

«ስም!»

«ሰም!» ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችው፤ ለማን እንደምታሳየው ግን ግራ ገባት። ባሏ ተቀብሏት አየና «ሰም ነው የሚለው፣ ጋሼ፤ እግሯ አልተሰበረችም» አለ።

«አላጠፋሁትም» አለች ፖሊሽ። መዋሸት ትችል ነበር፤ በዚያ ዓይናቸው ካልተጠጉ በቀር ጭጋግ እንጂ ሌላ አያዩም። አልዋሸችም። «እንዲያውም አብሼ አወጣሁት። ከመንገድ ማዶ ይነበባል። ጉድ ሆንኩልዎ።»

መምህሩ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«ሰው ይደውላል» አሉ። «እሷ ታነሳለች። መምህሩን ነው የምንፈልገው፣ ልጅቷን አይደለም ይሏታል። ከእኔ የተሻለች አስተማሪ ናት፣ ምስክሩ እኔ ነኝ፤ ትዕግሥቷ ከእኔ ይበልጣል። ግን ስሜ እዚህ እስካለ ድረስ የመምህሩ ልጅ ናት እንጂ መምህር አትሆንም። ከመንገዷ ዞር ልበልላት ብዬ ነው። ያለኝ መኪናዋና ስሜ ነው፤ አንዱን ልስጣት፣ አንዱን ላንሳላት ብዬ ነው።»

ፖሊሽ ሰዓቷን አየች፤ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። ሃያ ደቂቃ ደግሞ ለማጥፋት ይበቃል፤ ለማጥፋት ሁልጊዜ ጊዜ አይጠፋም።

«ላንሳው?» አለች።

«አንሺው።»

ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ነከረች። በሩ ሥር ተንበረከከች። ትናንት ቀኑን ሙሉ በአንድ ጣቷ ያወጣችውን ፊደል ዛሬ በመዳፏ ልትፍቀው ነው። እጇ እምቢ አላት። ግን የሰውየው ስም ነው፣ የእሷ አይደለም፤ ባለቤቱ ከበቃኝ ካለ እሷ ማን ናት? ወረቀቱን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳረፈች።

«እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

የመምህሩ ልጅ ደጃፉ ላይ ቆማለች። የእሳቸው ልጅ አይደለች እንዴ፣ እሷም ከሰዓቷ ቀድማ መጥታ ነው። መኪናዋን አየች፣ አባቷን አየች፣ ፖሊሽን ከነብርጭቆ ወረቀቷ አየች።

«ንገራት» አሉ መምህሩ ለባልየው። እሱም ስሙንና ሰሙን፣ ስልኩንና ስጦታውን አንድ ሳያስቀር ነገራት፤ ሲናገር አፉ የማይያዝለት ሰው ነው። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ የማስተማሪያ ፈቃዷን አወጣች።

«አባዬ፣ እዚህ ላይ ምን ይላል?»

«ደቃቅ ፊደል እንደማላይ ታውቂ የለም?»

«እንግዲያው ላንብብልህ። ሙሉ ስም ከነአያት ይላል።» የራሷን ስም አነበበች፣ ቀጥላ የእሳቸውን፣ ቀጥላ የአባታቸውን። «በሩ ላይ ያለው ሁለቱ ነው፣ ያንተና የአያቴ። የጎደለው የእኔ ብቻ ነው። እሱን ማጥፋት ምን አመጣው? ከፊቱ እኮ ባዶ በር አለ!»

ሁሉም ወደ ፊተኛው በር ዞሩ፤ መምህሩም ጭምር፣ ባያዩትም። የሾፌሩ በር ነው። ክሬም ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ምንም አልተጻፈበትም።

«ሰው ግን...» አሉ መምህሩ።

«ሰው ያነበዋል። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ አንተን። የሚነዳው ማን እንደሆነ ያያል፤ የማን ልጅ እንደሆንኩም ያያል። እኔ ስምህን ተሸክሜ ነው ይህን ፈቃድ ያገኘሁት አባዬ፤ ከመኪናው ላይ ብታነሳው ከእኔ ላይ ማን ያነሳዋል?»

መምህሩ መሐረባቸውን አወጡ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ «ይሄ ዓይን ደግሞ ዛሬ ብሶበታል» አሉ። ማንም አላመናቸውም።

ባልየው ብሩሹን ፍለጋ ሄዶ ነበር። ሰማያዊውን ለማመሳሰል አምስት ጊዜ ቀላቀለ። በየጊዜው ጠብታ እየያዘ ከጽሑፉ አጠገብ ያስተያያል፤ «ትንሽ ነጭ» ይላል፣ «ትንሽ ጥቁር» ይላል። በመጨረሻ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። «ይሄን ሰማያዊ አንቺ ባታወጪው ኖሮ በምን አመሳስለው ነበር?» አለ።

«እንዴት? ሁለተኛ ድገመው!» አለች ፖሊሽ።

«አንዴ ይበቃል!»

ስሟን ጻፈላት። ነጩን ቀጭን መስመር ሳይቀር አደረገላት። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ ማንም ከቦታው አልሄደም። ፖሊሽ ወንበር አውጥታ ልጅቷን አስቀመጠቻት፤ መምህሩ ግን ከበርጩማው ተነስተው አልቀመጥም ብለው በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

ቀለሙ ደረቅ ሲል መምህሩ ወደ ፊተኛው በር ተጠጉ። አፍንጫቸው ሊነካው እስኪደርስ ጎንበስ አሉና፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለዩ የልጃቸውን ስም አነበቡ። ቀጥለው በጎን በጎኑ እየሄዱ ወደ ኋለኛው በር አለፉ፣ የራሳቸውን አነበቡ፣ የአባታቸውን አነበቡ። ከዚያ ቀና አሉ። በፈተና ቀን ተማሪ ሲጠሩ በሚጠሩበት፣ መንገድ ማዶ ድረስ በሚሰማው ድምፃቸው ሦስቱንም ስም አያይዘው ተጣሩ።

ልጅቷ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«አቤት!» አለች።