ሲሞቀው የሚያለቅስ ሳጥን

በረሮ የሚባለውን ፍጥረት የፈጠረው አምላክ ምክንያቱን ያውቃል፤ ኛቺየንግ ግን አታውቅም። ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ባለው የጋሼ ወልደጊዮርጊስ ሆቴል ጓዳ ውስጥ፣ ራሷ ግድግዳው ላይ የሰቀለችውን ነጭ ሳጥን ስትከፍተው አንድ እፍኝ በረሮ እጇ ላይ ተዘረገፈ። የሞተው ካልሞተው ጋር፣ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ተለጣጥፎ የውስጡን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ሸፍኖታል። አንዱማ ዓይኑን በጨው አጥቦ እጅጌዋ ውስጥ ገባ። ኤጭ! እጇን አራግፋ አራግፋ፣ አልኮል ውስጥ የነከረችውን ብሩሽ አነሳችና ጥርሷን ነክሳ ትጠርግ ጀመር። የሽቦውን ቀዳዳ ባለፈው በሲልከን ማሸጊያ ደፍናው ነበር፤ ሲልከኑንም በልተውታል። ደግነቱ ቦርዱን ቫርኒሽ ቀብታው ስለነበር ሳጥኑ ሥራውን አላቋረጠም።

ኛቺየንግ ጋምቤላ ስደተኛ ካምፕ ተወልዳ፣ አዳማ ኤሌክትሮኒክስ ተምራ፣ አገሬ ብላ ጁባ የገባች ኑዌር ናት። ሸሪካት ሰፈር የተከራየቻት ክፍል ውስጥ ሌባ ቢገባ የሚያነሳው ነገር ቢኖር መበየጃዋ፣ ቴስተሯና ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፗ ነው። ሳጥኑን እዚያች ክፍል ውስጥ ነው የወለደችው። በሽቦ ጫፍ ላይ ጣት የምታክል ሴንሰር አለችው፤ ሴንሰሯ ፍሪጅ ውስጥ ገብታ ቅዝቃዜውን ትለካለች፣ ሳጥኑ ይመዘግባል፣ ከልክ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ጆሮ እስኪበሳ ይጮኻል። የሠራችው ለሥጋ አልነበረም፤ ለሕፃናት ክትባት ነው። ገጠር ላሉ ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት የምታከፋፍለው ዶክተር አቤኒ ግን፣ መጀመሪያ በክፉ ሙቀት፣ ክፉ ቦታ ላይ ፈትኚውና አሳዪኝ አለቻት። ከመጋቢት የጁባ ሙቀትና ከሆቴል ጓዳ የከፋ ከየት ይመጣል? ዶክተሯ ዛሬ ምሳ ሰዓት ትመጣለች። ከወደደችው ሳጥኑ ጣቢያዎቹ ሁሉ ላይ ይሰቀላል። ካልወደደችው የሁለት ዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ልፋት ሲባል ደግሞ የዋዛ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ መብራቱ አንጀቷን አቃጠላት፤ ጄኔሬተር በተቀየረ ቁጥር ሳጥኑ ይጠፋና እንደ አዲስ ተነስቶ የመዘገበውን ሁሉ ይረሳል። ኮዱን ስትበረብር ከርማ፣ በመጨረሻ ቴስተሯን ደቅና ስታይ ጥፋቱ የኮዱ አልነበረም፤ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ትንሽ እየተንቀጠቀጠ ስለሚወርድ ነው። ባትሪ ጨመረችበት፣ ዳነ። ቀጥሎ ሽቦው መጣ። ሳጥኑ ከምድጃው እንፋሎት ርቆ እንዲሰቀል ብላ ለሴንሰሯ ረዥም ሽቦ ሰጠቻት፤ የፍሪጁ ሞተር በተነሳ ቁጥር ሽቦው ረብሻ እየለቀመ፣ አንዴ የፈላ ውኃ፣ አንዴ በረዶ ነው ይላል። ትልቁን ገበያ ሱክ ጁባን አስሳ ሽፋን ያለው ሽቦ እስክታገኝ፣ ሳጥኑም ሦስቴ ሳይለካ እንዳያምን አድርጋ እስክትጽፈው ፀጉሯ ሊሸብት ነበር። ያን ያህል ረዥም ሽቦ ሳይዋሽ እንዲናገር ማድረጓ ከሁሉ በላይ የምትኮራበት ሥራዋ ነው።

ጠርጋ ስትጨርስ ላፕቶፗን ከሳጥኑ ጋር አገናኘች። የሰሞኑ መዝገብ ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ። ቀጥ ያለ መስመር! ልክ መሆን ያለበት ቅዝቃዜ ላይ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ዝንፍ ሳይል የተኛ መስመር። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ለዶክተር አቤኒ ምን ብላ እንደምታሳያት በልቧ ማሰናዳት ጀመረች።

ከዚያ ቀስ እያለ ደስታው ጎረበጣት። የሆቴል ፍሪጅ እኮ ነው። በሩ ቀኑን ሙሉ ሲከፈት ሲዘጋ ይውላል፤ ማታ ማታ ደግሞ ጋሼ ወልደጊዮርጊስ ነዳጅ ለመቆጠብ ትልቁን ጄኔሬተር ያስጠፋሉ። መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ መውጣትና መውረድ ነበረበት። ደግሞ ስትገባ ጀምሮ አፍንጫዋን የሚፈትናት ሽታ ነበር፤ የበረሮው ነው ብላ ነበር። በረሮው ተጠርጎ ሽታው አለ።

የሥጋውን ፍሪጅ ከፈተችው። ለብ ያለ አየር ፊቷን ላሳት። ተንጠልጥሎ የነበረው ሥጋ ላዩ ላይ ንፍጥ የመሰለ ነገር አዝሏል፤ ጠርዙ አረንጓዴ ሆኗል፤ ሥሩ የተጠራቀመው ጥቁር ውኃ ላይ ዝንቦች ሰምጠው ገሚሶቹ ገና ይንፈራገጣሉ። አፍና አፍንጫዋን ይዛ ሴንሰሯን ብትፈልግ የለችም፤ የነበረችበት ቦታ የፕላስተር ምልክት ብቻ ቀርቷል።

ሽቦውን በእጇ እየተከተለች ሄደች። ከፍሪጁ ጀርባ ይወጣና ግድግዳው ላይ ለውኃ ቱቦ በተበሳ ቀዳዳ ገብቶ ባሩ ውስጥ ብቅ ይላል። የባሩ ቢራ ፍሪጅ ትንሿ ጄኔሬተር ላይ ነው፤ እሷ ደግሞ ሌሊትም አትጠፋም፤ ቢራ ሞቀ ከተባለ ደንበኛ ይነሳላ! ሴንሰሯ እዚያ፣ በቢራ ጠርሙሶች መሃል በፕላስተር ታስራ ተንደላቃ ተኝታለች። ማንም የማይከፍተው የኋለኛው ጥግ ላይ። ኛቺየንግ በረሮን፣ መብራትን፣ የሞተር ረብሻን አስባ ነበር። ሳጥኑን ቀዝቅዟል ወይ ብሎ እንጂ ሴንሰሯን የት ነሽ ብሎ እንዲጠይቅ አልጻፈችውም።

ማን እንዳደረገው ስትጠይቅ ወጥ ቤቷ ወርቅውሃ ሳትደብቅ እኔ ነኝ አለች። አመስግኚኝ የምትል ነበር የምትመስለው።

«ሲሞቀው ያለቅሳላ! ደንበኛ ሁሉ እንቅልፍ አጣ። ብርድ ነው የሚፈልገው ብዬ ብርድ ካለበት አስተኛሁት፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም።»

እሷን ምን ትበላት? ሁዳዴ ነው፤ ወርቅውሃ ሥጋውን ትሠራዋለች እንጂ አትቀምሰውም፣ ስትቆርጠውም አፍንጫዋን በሻሿ ጠቅልላ ነው። ቢሆንም ሥጋው ተለውጧል ብላ ለባለቤቱ ነግራ ነበር። ጋሼ ወልደጊዮርጊስ በሎሚና በአቼቶ እጠቢው፣ ሚጥሚጣ አብዢበት ብለው አዘዟት። እሳቸውም ጾመኛ ናቸው። የጾመኛ ጾመኛ! ሥጋ የነካ ማንኪያ ሽሮአቸው አጠገብ ከተቀመጠ ቤቱን ያተራምሱታል። አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃ። ለራሱ የማንኪያ ቅንጣት የሚጠየፍ ሰው፣ ለሰው ልጅ ጥንብ ጠብሶ ያቀርባል።

ኛቺየንግ ባንኮኒው ጋ አገኘችውና ሥጋው ዛሬውኑ ይጣል አለች። ወልደጊዮርጊስ አልደነገጠም፤ ሴንሰሯ የት እንዳለች ያውቅ ኖሯል። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደ አባት ትከሻዋን ነካ አድርጎ መለሰላት።

«ልጄ፣ ያንቺ መስመር ቀጥ ብሎልሻል፤ እኔም እንቅልፌን አግኝቻለሁ። ምን ጎደለ? ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።»

መልስ ሳትሰጠው ዶክተር አቤኒ ገባች። ቁመተ ሎጋ፣ ረጋ ያለች ዲንካ ናት፤ እሷም ኢትዮጵያ ካምፕ ስላደገች ሁለቱን የሚያግባባቸው አማርኛ ነው። ወልደጊዮርጊስ እየተሽቆጠቆጠ ማራገቢያው ሥር አስቀመጣት፤ ኛቺየንግም ላፕቶፗን ይዛ ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ ሰውዬው ሸክላ ጥብሱን እየተንጫጫ ራሱ ይዞ መጣ። ለራሱ ሽሮ አስመጥቶ፣ ጾም ስለሆነ ይቅርታ ብሎ፣ አማተበና አብሯት ተቀመጠ።

ዶክተር አቤኒ መስመሩን ስታይ ፊቷ በራ። ስንት ሰው ስንት ዓይነት መሣሪያ እንዳሳያት፣ እንዲህ ያለ ግን አይታ እንደማታውቅ ተናገረች፤ ወረቀቱን በዚሁ ሳምንት እንፈራረም አለች። እየተናገረች አንድ ጉርሻ ጎረሰች። የኛቺየንግ ሁለት ዓመት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አፏን ዘግታ ብትቀመጥ ያልቅላት ነበር። የሴትዮዋ መንጋጋ ሲያኝክ እያየች ዝም አለች። አዎ፣ ዝም አለች፤ ያ ጉርሻ እስኪዋጥ ድረስ። ሁለተኛው ሲጠቀለል ግን ያ አረንጓዴ ጠርዝ ዓይኗ ላይ መጣ።

«ዶክተር፣ አይብሉት። ሥጋው ሸቷል። ይሄ መስመር የሥጋ አይደለም፣ የቢራ ነው።»

ወልደጊዮርጊስ ሳቅ ለማለት ሞከረ። ዶክተር አቤኒ ጉርሻውን አስቀምጣ አፏን በሶፍት ጠረገች፣ ተነሳችና አሳዪኝ አለች። ኛቺየንግ ሁሉንም አሳየቻት፤ የቢራውን ፍሪጅ፣ ቀዳዳውን፣ የሥጋውን ፍሪጅ። ዶክተሯ አፍንጫዋን ይዛ ብዙ ያየችው ግን ሥጋውን ሳይሆን ሽቦውን ነበር። ኛቺየንግ አላስቻላትም፤ ሽቦውን ከፍሪጁ በር እንዳያልፍ እንደምታሳጥረው፣ መስመሩ ከመጠን በላይ ዝም ሲል ሳጥኑ ራሱን እንዲጠረጥር አድርጋ እንደምትጽፈው፣ ትንሽ ጊዜ ብቻ እንደምትፈልግ አከታትላ ነገረቻት።

«ሥጋ እንኳ ሲበላሽ ይሸታል፣ ክትባት አይሸትም። ልጁ ይወጋል፣ እናቱም ተከተበልኝ ብላ ትተኛለች።»

ዶክተር አቤኒ አውቃለሁ አለች። ክንዷን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻትና ነገሩን አስረዳቻት። ጣቢያዎቹ ፍሪጅ አላቸው፣ ነዳጅ የላቸውም። ሶላሩ የተበላሸበት አለ፣ የተሰረቀበት አለ። ከውጭ የሚረዷቸው ሰዎች ግን ስለ ነዳጅ አይጠይቁም፣ መስመር ላኩልን ነው የሚሉት። መስመሩ የተጣመመበት ጣቢያ ይዘጋል።

«ጣቢያው ከሚዘጋ ቢኖር ይሻላል። ሳጥንሽን ወድጄዋለሁ፣ እንፈራረማለን። ሽቦውን ግን አታሳጥሪው፤ ሴንሰሯ ብርድ ወዳለበት መድረስ አለባት።»

ኛቺየንግ ለአፍታ የሰማችውን ማመን አቃታት። የዶክተሯ ትንፋሽ ሎሚና አቼቶ ይሸት ነበር። በረሮው ምን አጠፋ! ሥጋውስ ምን አጠፋ! እነሱ ያላቸውን ሽታ ሳይደብቁ ይሸታሉ። ይሄ ግን በለሰለሰ አነጋገር፣ በንጹሕ ነጭ ሸሚዝ ነው የመጣው፤ ደግሞ የከፋው፣ ከሁሉ በላይ የምትኮራበትን ሥራዋን መርጦ ነው የመጣው።

ክንዷን አስለቀቀች። ባሩ ገብታ ፕላስተሩን ቦጨቀችው፤ ወዝታ የቀዘቀዘችውን ሴንሰር በግድግዳው ቀዳዳ ጎትታ አወጣቻት። ሳጥኑን ከግድግዳው ነቅላ የሥጋው ፍሪጅ ራስ ላይ አስቀመጠችው። እንፋሎቱ ይብላው። ፒንሳዋን አነሳችና ያንን የለፋችበትን ሽቦ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆረጠችው፤ ጫፉን ልጣ፣ መበየጃዋን ሰክታ፣ መልሳ ሳጥኑ ላይ በየደችው። ዶክተር አቤኒ ምን እየሠራች እንደሆነ ገብቷት በሩ ላይ ቆማ ትመለከታለች። ኛቺየንግ ሴንሰሯን በዚያ ንፍጣም ሥጋ ላይ አስደግፋ የፍሪጁን በር ዘጋችው።

ሳጥኑ ለካ። ደግሞ ለካ። ሦስተኛውን ለክቶ አመነና ጩኸቱን ለቀቀው። አዳራሹ ውስጥ የሚያኝኩት ሁሉ ማኘካቸውን አቁመው ወደ ጓዳው ዞሩ፤ አንዱ ሣህኑን አሸተተና ገፋው። ወልደጊዮርጊስ ከላስ፣ ከላስ፣ በቃ፣ አጥፊው እያለ እየሮጠ መጣ፤ ሽሮው ጢሙ ላይ ነበር። ዶክተር አቤኒ ቦርሳዋን አንስታ ሳትሰናበት ወጣች፤ የሁለት ዓመቱም ነገር አብሯት ወጣ። ወርቅውሃ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፍሪጁ ቀረበች።

«ኸረ እያለቀሰ ነው፣ የኔ እህት።»

«ያልቅስ» አለች ኛቺየንግ፤ የሳጥኑንም ክዳን ገጥማ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀቻቸው።