ከሁሉ ኋላ የምትበላው

ሐኪሙ ሹካ የመሰለውን ብረት ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ መታና፣ እየተንዘረዘረ ሳለ በአማከለች የእግር አውራ ጣት ላይ አቆመው።

«ንዝረቱ ይሰማዎታል እናቴ?»

«ኧረ ምንም።»

ቁርጭምጭሚቷ ላይ አደረገው። ምንም። ደንገጥ ያለችው ጉልበቷ ላይ ሲደርስ ነው። አማከለች ገረማት፤ ጋደም ባለች ቁጥር ፍም የረገጠች ያህል የሚያቃጥላት እግር ለዚህ ብረት ደንቆሮ ሆኖ ተገኘ። ባለፈው ክረምትማ አንድ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ፣ ጎረቤት ጠርቶ እስኪነግራት ድረስ አላወቀችም ነበር።

በአገሯ በሞላሌ ያልተባለ ነገር የለም። ብርድ ነው ተባለ፣ ሪህ ነው ተባለ። ጠበል ተጠመቀች፤ ቅባት ተቀባች፤ ኪኒን ዋጠች። እጅ የምትሰጥ ሴት ግን አልነበረችም። ልጇ ምንተስኖት ወደ ባድመ ከዘመተ ወዲህ፣ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር መንገድ ዳር ቆማ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ታያለች። ጦርነቱ ካበቃ አራት ዓመት አልፏል፤ መርዶም አልመጣ፣ እሱም አልመጣ። አሁን ደግሞ እግሯ እምቢ ብሎ አውቶቡሶች ሳታያቸው ያልፉ ጀመር። ይህን አልቻለችም። ሴት ልጇን ኮከቤን አስከትላ፣ «ምክንያቱን ሳላውቅ አልመለስም» ብላ ሆስፒታል ድረስ የመጣችው ለዚህ ነው።

ሐኪሙ ምላሷን አየ፤ የደሟን ውጤት ደግሞ ተመለከተ።

«ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ይበላሉ?»

«በፍስኩ እበላለሁ» አለች። በየጤና ጣቢያው የመለሰችው ይህንኑ ነው።

«እንግዲያው ግራ ገባኝ። እንዲህ ያለው የነርቭ ሕመም የፍስክ ምግብ ለዓመታት ባልቀመሰ ሰው ላይ ነው የሚመጣው። እርስዎ የሚበሉ ከሆነ ሌላ ምክንያት እፈልጋለሁ። እስከዚያ ግን ጨርሶ መቆም እንዳያቅትዎ እፈራለሁ።»

አማከለች አቀረቀረች። ምንተስኖት የዘመተ ዕለት፣ እሱ በደኅና እስኪመለስ ድረስ የፍስክ ምግብ አፏ እንዳይገባ ለእመቤታችን ተስላ ነበር። ለሰው የተወራ ስለት ዋጋ የለውም ብላ ስለምታምን ለማንም አልተነፈሰችም። ደግሞስ ማን ያውቅባታል? እናት በቤቷ ከሁሉ ኋላ ነው የምትበላ። በፋሲካ ዶሮውን ለሌላው ታወጣና፣ «እኔ ጓዳ እበላለሁ» ብላ እንጀራዋን በሽሮ ትበላለች። ቅቤውን የምትንጥ እሷ፣ ጣቷን እንኳ የማትልስ እሷ።

መናገር ልጇን በገዛ አፏ አሳልፎ መስጠት መሰላት። ግን ደግሞ አውቶቡሱ ሲቆም፣ እሱ ሲወርድ፣ እሷ መደብ ላይ ተኝታ ታያት። ተናደደች።

«ዋሽቼሃለሁ ልጄ» አለችው። «ወንድ ልጄ ከዘመተ ወዲህ ቀምሼ አላውቅም። ስለት ነው።»

ኮከቤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እማዬ! የፋሲካውም?»

«የፋሲካውም።»

ሐኪሙ አልሳቀባትም፤ አልተቆጣትምም። ከምግቡ የጎደላትን የሚተካ መርፌ አዘዘላት። «መርፌው ያነሣዎታል፤ ካልበሉ ግን አይዘልቅም። የጠፋው ስሜት ሁሉ ይመለሳል ብዬም አልዋሽዎትም።»

ሞላሌ ሲደርሱ ጀንበር አዘቅዝቃ ነበር። አማከለች ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ የኮከቤን ትከሻ ተደግፋ በቀጥታ ወደ ነፍስ አባቷ ወደ መምሬ ወልደ ጻድቅ ደጅ አቀናች። ሁሉንም ነገረቻቸውና፣ «እንግዲህ ይፍቱኝ አባቴ» አለች።

ሽማግሌው መስቀላቸውን ከጉያቸው አወጡ።

«ተስፋ ቆረጥሽ?»

«ተስፋ ብቆርጥማ እግር ምን ያደርግልኛል?»

መምሬ ሌላ አልጠየቋትም። መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳረፉ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

ዕለቱ ሐሙስ ነበር፣ ፍስክ። ቤት እንደገቡ ኮከቤ ወተት በጣሳ አመጣችላት። አማከለች ተቀብላ እንደ ልማዷ ወደ ጓዳ ዞረች፤ ከዚያ ቆም አለችና ወደ ደጃፉ ተመለሰች። ግድግዳውን ይዛ፣ የመኪናው መንገድ ከሚታይበት ላይ ቆመች። እንባዋ መጣ።

«ተቀምጠሽ ጠጪው እንጂ እማዬ።»

«የለም፤ ቆሜ ነው።»

ከታች በመንገዱ ላይ መብራት ብቅ አለ። አውቶቡስ ይሁን የጭነት መኪና ከዚህ አይለይም። አማከለች ዓይኗን ከመብራቱ ሳትነቅል ጣሳውን ወደ አፏ አነሣች።